የጭልፊቱ ክስ

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ የአቤቱታን ጠባይ ያውቃል። አመልካቹ የሚሻውን መልስ አስቀድሞ በልቡ ጽፎ ይመጣል፤ ጉዳዩ ሲመረመር ግን አንዳንድ ጊዜ ማንም ያላሰበው ነገር ከመዝገቡ ይወጣል። ክቡራን አንባብያን፥ ዛሬ የምናወሳላችሁ ታሪክ በ1960 ዓ.ም. ለእንግሊዝ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ስለ ቀረበ እንዲህ ያለ አቤቱታ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አመልካቾቹ እርግብ እያረቡ በበረራ የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች ነበሩ። ይህ ጨዋታ በዚያ አገር በተለይ በማዕድን ቆፋሪዎችና በፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ ሲወደድ የኖረ ነው። ተከሳሹም ፔረግሪን የሚባለው ታላቅ ጭልፊት ነበር። ይህ ወፍ ጎጆውን በገደል ላይ ያደርጋል፤ ከሰማይ ተወርውሮ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እርግብንም እጅግ ይወዳል፤ የሚወደው ግን እንደ ከሳሾቹ ለማርባት አይደለም።

ጠቡ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መልእክተኛ እርግብ ይዘው ይበሩ ስለ ነበር፥ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. ጭልፊቱ እንዲገደል አዘዘ፤ ወደ 600 የሚሆኑትም በጥይት ወደቁ። ትእዛዙ ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። በ1942 ዓ.ም. አንድ አውሮፕላን በሰሜን ባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ዊንኪ የተባለች እርግብ ስኮትላንድ ከሚገኘው ቤቷ በመድረሷ ወታደሮቹ ተፈልገው ድነዋል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ጭልፊቱ እንደገና መራባት ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአዕዋፍ ጥበቃ ሕግም ከለላ ሰጠው። እርግብ አሽቀዳዳሚዎቹ፥ «ጭልፊት በዝቶ እርግባችንን ጨረሰብን፤ ይህ ከለላ ይነሣልን» ብለው ያመለከቱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሚኒስቴሩ ወዲያው አልፈቀደም፥ አልከለከለምም። ነገሩ ወደ መንግሥቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመራ፤ ይህም መሥሪያ ቤት ጭልፊቶቹ እንዲቈጠሩ የብሪታንያን የአዕዋፍ ጥናት ማኅበር ጠየቀ። ሥራውን የመራው ዴሬክ ራትክሊፍ የተባለ ሊቅ ነበር። በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. ብዙ በጎ ፈቃደኞች በየገደሉ እየወጡ የታወቁትን የጎጆ ስፍራዎች መረመሩ። የተገኘው ውጤት ከክሱ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። በደቡብ እንግሊዝ ያሉት ገደሎች ባዶ ሆነው ተገኙ፤ በ1963 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ የቀረው ጭልፊት ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ከግማሽ ያነሰ ነበር። በዝቷል ተብሎ የተከሰሰው ወፍ እየጠፋ ኖሯል።

ገዳዩ ማን ነው? ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች ዘሩን ሳይዘሩ አልድሪንና ዲልድሪን በተባሉ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ያሹት ነበር። ዘሩን የለቀሙ አዕዋፍ በየእርሻው ወድቀው ይገኙ ጀመር፤ በ1959 መጨረሻና በ1960 መባቻ ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ቀበሮዎች ሞቱ። ለወፍ ሞት ግድ ያልነበራቸው ቀበሮ አዳኝ ባላባቶችም ያን ጊዜ ነገሩ አሳሰባቸው። መርዙ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ አንዲት እርግብ ብዙ ፍሬ ትለቅማለች፥ አንድ ጭልፊት ደግሞ ብዙ እርግብ ይበላል፤ ስለዚህ ዕዳው ሁሉ በመጨረሻው በይ ላይ ይወድቃል።

ክርክሩ ከዚህ በኋላ በረታ። የመድኃኒት ፋብሪካዎችና የእርሻው ወገን የእህሉን ምርት ያነሡ ነበር፤ የአዕዋፍ ማኅበራት ደግሞ የሞቱትን አዕዋፍ እየቈጠሩ ማስረጃ ያቀርቡ ነበር። በ1961 ዓ.ም. የተደረሰበት ነገር ሕግ ሳይሆን በፈቃድ የሚጠበቅ ስምምነት ነው፤ ከብርዱ ወራት በኋላ ለሚዘራው እህል መድኃኒቶቹ እንዳይውሉ ተባለ፤ ከብርዱ በፊት ለሚዘራው ስንዴ ግን ተባይ በሚያሰጋበት ቦታ ተፈቀደ። በእኛ ግምት ይህ ግማሽ መፍትሔ ነበር፤ ቢሆንም የጭልፊቱ ቍጥር ማሽቆልቈሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም ነበር። ራትክሊፍ በጎጆዎቹ ውስጥ የተሰበሩ እንቍላሎች ይመለከት ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ሰብሳቢዎች በየዘመኑ ከገደል አውርደው በሣጥን ያኖሯቸውን የእንቍላል ቅርፊቶች መመዘን ጀመረ። እነዚያ ሰብሳቢዎች በወፍ ወዳጆች ዘንድ የተጠሉ ነበሩ፤ ስብስባቸው ግን ዋና ምስክር ሆነ። ራትክሊፍ በ1967 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ቅርፊቱ ከ1947 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እየሳሳ መምጣቱን አስረዳ። ያ ዘመን ዲ.ዲ.ቲ. በእርሻ መሠራጨት የጀመረበት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህ በአገራችን ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ለብዙ ዓመታት ሲረጭ የኖረው ዲ.ዲ.ቲ. ነው፤ በግድግዳ ላይ መርጨትና በእርሻ ላይ መበተን ግን አንድ አይደለም።

ብሪታንያ መድኃኒቶቹን ደረጃ በደረጃ እየከለከለች እስከ 1980ዎቹ ቈየች። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከ1,700 የሚበልጡ ጥንድ ጭልፊቶች ተገኝተዋል፤ ይህም ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ይበልጣል። ዛሬ በከተማ መካከል በካቴድራል ግንብ ላይ ሳይቀር ጎጆ ይሠራሉ፤ ከዚያም ሆነው እርግብ ያድናሉ። የእርግብ አሽቀዳዳሚዎቹ አቤቱታም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።