ሙያው ነቀምቴ እስኪደርስ

ነቀምቴ ውስጥ የደን ዱር እንስሳት አያያዝ አስተምራለሁ፤ ልቤ ግን ወፎች ላይ ነው። ተማሪዎቼ የወፍ ጥናት ሙያው ከየት እንደመጣ ሲጠይቁኝ ከሩፔል እጀምራለሁ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ የሰበሰባቸው ወፎች ፍራንክፈርት ገቡ። በደጋው የምናውቀውን ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው የእንግዳ ሥራ ሆኖ ቆየ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው በ1966፣ ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የአገሪቱን ወፎች ዝርዝር ያሳተሙት በ1971 ነው። የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ተቋም በ1978 ሲከፈት ትኩረቱ ደን ነበር፤ የዱር እንስሳ ትምህርት ኋላ ላይ ተጨመረ። በ1996 ማኅበሩ ለወፎች አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አወጣ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እዚህ ነቀምቴ ያለው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በእኛው 1999 ዓ.ም. ነው።

የደንና የወፍ ትምህርት ለብቻ ለብቻ መሄዳቸው ብዙ አስከፍሎናል። ግንዱ የተቦረቦረ ሽማግሌ ዛፍ ሳንቃ አይወጣውምና ቀድሞ ይቆረጣል። የእርኩም ዘመድ የሆነው ብርማ ጉንጭ ሆርንቢል ግን የሚራባው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንስቷ ትገባለች፤ መግቢያው በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱ በቀረችው ስንጥቅ ፍሬ ያቀብላታል። የበላውን ፍሬ ዘር ራቅ አድርጎ ይጥላል፤ ዛፍ የሚተክልልን እሱ ነው። ይህን የማያውቅ የደን ባለሙያ ደኑን በግማሽ ነው የሚያውቀው።

ተማሪዎቼን በከተማችን አቅራቢያ ወዳለው ኮምቶ ደን በማለዳ እወስዳቸዋለሁ። አንድ ቦታ ቆመው ለጥቂት ደቂቃ ያዩትንና የሰሙትን ይመዘግባሉ። ጥቅጥቅ ባለ ደን ጆሮ ከዓይን ይበልጣል፤ ቱራኮ የሚባለው ወፍ ከመታየቱ በፊት ይጮሃል። ሲበር ብቻ ክንፉ ቀይ መሆኑ ይታያል፤ ያ ቀለም መዳብ አለበት።

ለእኔ ከሁሉም ዝርዝር የሚበልጠው የአካባቢው ልጅ የሰፈሩን ወፍ ራሱ መቁጠሩ ነው። ስለዚህ ተመራቂዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ መደርደሪያ ላይ አይቅር፤ አንድ ቅጂ ለወረዳችሁ የደን ባለሙያ ስጡ፤ ገበሬዎቹ ወፎቹን የሚጠሩበትንም ስም ጻፉበት።