ስለ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢና ስለ አንድነት ፓርክ

የቅጥር ሥራ ሁለት ነው፤ በውስጥ ያለውን ይጠብቃል፥ በውጭ ያለውን ይከለክላል። በአዲስ አበባ ከፍል ውሃ በላይ ባለው ኮረብታ የሚገኘው የታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ይኸን ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ ሰፍረው ከተማዪቱ ከተቈረቈረች በኋላ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢያቸውን በዚህ ኮረብታ ላይ አጸኑ። የጸሎት ቤታቸውም፥ እንቁላል ቤት የተባለውም ግንብ፥ ግብር የሚበላበትም ሰፊ አዳራሽ በዚሁ ተሠራ። በግብር ቀን አስቀድሞ መኳንንቱ በመጋረጃ ውስጥ ይበሉ ነበር፤ ኋላም መጋረጃው ተገልጦ ሠራዊቱ በየተራው ይገባ ነበር። እንግዲህ ግቢው ፈጽሞ የተዘጋ አልነበረም፤ ነገር ግን የሚገባው የተጠራው ነው፥ የሚቀመጠውም እንደ ማዕርጉ ነው።

ይኸው የግብር ስፍራ ኋላ የኀዘን ስፍራ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረደው ደርግ የዙፋኑን ቤት ምድር ቤት እስር ቤት አደረገው። ትናንት በላይ ሆነው ዙፋኑን ያጀቡ መኳንንትና ሚኒስትሮች ከወለሉ በታች ታሰሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚሁ ግቢ ታስረው ሳሉ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ። ዐፅማቸው ከግቢው ተቈፍሮ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፥ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የዚህ ግቢ በር አንድነት ፓርክ በሚል ስም ለሕዝብ ተከፈተ። የግቢው ስፋት 40 ሄክታር፥ በቀድሞው አለካክ አንድ ጋሻ ያህል ነው። ዛሬ ሕፃናት ጎፈራቸው የጠቈረውን አንበሶች ያያሉ፤ ሽማግሌዎች በአትክልቱ መካከል ይመላለሳሉ፤ የግብሩ አዳራሽም ማንንም በማዕርግ ሳይለይ ያስገባል።

በዙፋኑ ቤት የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በሰም ተሠርቶ ተቀምጧል። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ባየ ጊዜ ወርቁን ይፈልጋል፤ ወርቁም ከበታቹ ባለው ምድር ቤት ይገኛል። ብዙ ሰው ግን አበባውንና አንበሳውን አይቶ፥ ወደ ታች ሳይወርድ ይመለሳል። ልጁን አንበሳ ሊያሳይ የሚመጣ አባት ምድር ቤቱንም ያሳየው፤ በዚያ የታሰሩት ሰዎች ያጡት ፍርድን እንደ ሆነም ይንገረው። የተከፈተ በር ተከፍቶ የሚኖረው ሰው ያለ ፍርድ በማይታሰርበት ሀገር ነውና።