ለጀማሪ የአንደኛ ደረጃ መምህራን የክፍል አያያዝና አደረጃጀት

በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን ማዘጋጃ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው አፍንጮ በር የአገሪቱ ዘመናዊ ትምህርት ከተጀመረባቸው ሥፍራዎች ጋር ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከሰፈሩ ብዙም አይርቁም። ከእነዚህ ቀደም ብሎ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር፣ በየኔታ ፊት ነበር። በዚያ ሥርዓት አንድ መምህር በተለያየ ደረጃ ያሉ በርካታ ልጆችን በአንድ ጊዜ ማስተማር የቻለው የቀደመው ተማሪ አዲሱን እያስቆጠረ፣ መምህሩ ደግሞ የሁሉንም ንባብ በየተራ እየሰማ በመሥራቱ ነው። ሆኖም አደረጃጀቱ የጠነከረ የመሆኑን ያህል አለንጋም አይለየውም ነበር።

አለንጋው ዛሬ በሕግ ተከልክሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በመሆኑም ከኮሌጅ ተመርቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር የክፍሉን ጸጥታ የሚያስከብረው በዱላ ሳይሆን አስቀድሞ በሚያዘጋጀው አሠራር ሊሆን ይገባል።

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት

ጀማሪው መምህር ከመስከረም በፊት የሚያስተምርበትን ክፍል በአካል ተገኝቶ ማየት ይኖርበታል። የመቀመጫዎች ብዛት ከተመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር ጋር መመጣጠኑን፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ ጥቁር ሰሌዳው በሚገባ መነበቡንና በረድፎች መካከል መተላለፊያ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የማየት ወይም የመስማት ችግር ያለባቸውና ቁመታቸው አጭር የሆነ ልጆች ከፊት ይቀመጣሉ። ሌሎቹ በየሳምንቱ ቦታ ቢቀያየሩ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀር ተማሪ አይኖርም። ጠመኔ፣ የሰሌዳ መጥረጊያ፣ የስም መጥሪያና የዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ደወል ከመደወሉ በፊት በእጅ መገኘት አለባቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ እንደ መለኪያ ሲሠራበት ቆይቷል። መምህሩ በቀን የአምስት ልጆችን ስም ቢያጠና በአሥር የትምህርት ቀናት ሁሉንም በስም መጥራት ይችላል። በስሙ የተጠራ ልጅ መታወቁን ይረዳል፤ መምህሩም “አንተ ከኋላ ያለኸው” እያለ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

በእነዚሁ ሳምንታት የክፍሉ ደንቦች ከተማሪዎቹ ጋር በመወያየት ይወጣሉ። ደንቦቹ ከአምስት ባይበልጡና “አትረብሹ” ከማለት ይልቅ “ለመናገር እጅ እናወጣለን” በሚል መልክ ቢጻፉ ለልጆች ግልጽ ይሆናሉ። አገባብ፣ አወጣጥ፣ የቤት ሥራ አሰባሰብና ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ፈቃድ አጠያየቅ ልክ እንደ ፊደል ተደጋግመው የሚለመዱ ናቸው። ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲመታ ከድምፁ ጋር ከመፎካከር ይልቅ ለዚህ ጊዜ የተዘጋጀ የጽሑፍ ሥራ መስጠት ይመረጣል።

የጊዜ አጠቃቀም

አንድ መምህር 50 ደብተሮችን ራሱ እየዞረ ሲያድል ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ ቢወስድ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይባክናል። ይህ በየቀኑ ቢደጋገም በሳምንት የሚጠፋው ጊዜ 40 ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። በየረድፉ አንድ ተጠሪ ተመርጦ ቢያድል ግን ሥራው በአንድና ሁለት ደቂቃ ይጠናቀቃል። የተጠሪነቱና የክፍል አለቃነቱ ኃላፊነት በጎበዞች ብቻ ሳይወሰን ሴቶችንና ወንዶችን በእኩልነት እያካተተ በየተራ ሊዳረስ ይገባል። ሥራውን ቀድሞ የጨረሰ ተማሪም ጓደኛውን እንዲያግዝ ማድረግ በየኔታ ዘመን የተፈተነ ዘዴ ነው።

ሥነ ሥርዓትን ማስከበር

የሚረብሽ ተማሪ ሲያጋጥም ከቀላሉ እርምጃ መጀመር ተገቢ ነው። መምህሩ በቅድሚያ በዓይኑ ያሳስባል፤ ካልበቃ ወደ ልጁ ተጠግቶ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ከዚያም ስሙን በዝግታ ይጠራል። ችግሩ ከቀጠለ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ለብቻው ያነጋግረዋል፤ ሲደጋገምም ወላጅን ያማክራል። ማንበርከክ፣ መስደብና ከክፍል ማባረር መወገድ አለባቸው። የተባረረ ተማሪ ከጥፋቱ ሳይማር ትምህርቱ ብቻ ያልፈዋል። ማርፈድ ወይም ማንቀላፋት ሁሉ ጥፋት ስላልሆነ ልጁ ከየት እንደሚመጣና ምን በልቶ እንደወጣ መጠየቅ ይቀድማል። የታየው ችግርና የተወሰደው እርምጃ ከነቀኑ በማስታወሻ ቢያዝ ከወላጅ ጋር የሚደረገው ውይይት በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።

የትምህርት አመራሩ ድርሻ

እነዚህ ተግባራት በመምህሩ ጥረት ብቻ አይሳኩም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ አዲስ የተመደበ መምህር ለሁለት ዓመታት በአማካሪ መምህር እየታገዘ የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግ ያስቀምጣል። አማካሪው መምህሩ በክፍል ብቻውን ከተቸገረ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ሊመደብለት ይገባል። ርዕሰ መምህራን የተማሪ ብዛት የበረከተበትን የአንደኛ ክፍል ልምድ ለሌለው መምህር ከመስጠት መቆጠብ፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም መጻሕፍትን በወቅቱ ማድረስ ይጠበቅባቸዋል። ሱፐርቫይዘሮች ክፍል የሚጎበኙት ጉድለት ለመመዝገብ ብቻ ከሆነ ጀማሪው ችግሩን መደበቅን ይለምዳል። በዚህም የመጀመሪያው ተጎጂ በዚያ ክፍል ፊደል ሊቆጥር የተቀመጠው ሕፃን ይሆናል።