ስሙን ጦርነት የቀማው ውሻ

እኛ ሰፈር ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ ትልቅ ውሻ ከታየ «ጀርመን ነው» ይባላል፤ አለቀ። «ሸፐርድ» የምትለዋን ግን ማንም ልብ አይላትም። እረኛ ማለት እኮ ነው! ጀርመኖቹ ራሳቸው «ዶይቸር ሼፈርሁንት» ይሉታል፤ የጀርመን የበግ እረኛ ውሻ እንደማለት። ዛሬ ግቢ ጠባቂና የፖሊስ ውሻ አድርገን የምናውቀው፣ በስሙ የበግ ጠባቂ ነው።

ዝርያውን በስርዓት ያቋቋመው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የቀድሞ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። በ1899 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ካርልስሩኸ ከተማ በተካሄደ የውሾች ትርኢት ላይ አንድ ውሻ ዓይኑ ገባና እዚያው ገዛው። ሄክቶር ይባል የነበረውን «ሆራንድ ፎን ግራፍራት» አለው። በዚያው ዓመት ማኅበር መሠረተ፤ ሆራንድም በዝርያው መዝገብ 1ኛ ሆኖ ተጻፈ። የበግ እርባታው እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ ሰውዬው ውሻውን ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት ሥራ አስለመደው።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እንግሊዝ ውስጥ «ጀርመን» የሚል ቃል መስማት የሚያንገሸግሽ ሆነ። ንጉሣዊው ቤተሰብ እንኳ በ1917 የጀርመን ስሙን ጥሎ «ዊንዘር» ተባለ፤ ንጉሥ ስሙን ከቀየረ ውሻማ ምን ይገርማል? በ1919 የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ውሻውን ሲመዘግብ «አልሴሺያን ዎልፍ ዶግ» አለው፤ የአልሳስ ተኩላ ውሻ መሆኑ ነው። አልሳስ ደግሞ ከ1871 ጀምሮ በጀርመን ተይዛ ቆይታ፣ በጦርነቱ ማብቂያ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰች ግዛት ናት። እንግዲህ ውሻው ዜግነቱን ሳይጠየቅ ድንበር ተሻገረ ማለት ነው። «ተኩላ» የምትለዋም ሰው እያስፈራች ስላስቸገረች ቆየት ብሎ ወጣች።

አሜሪካኖቹ በ1917 «ጀርመን» የምትለዋን ብቻ ቆርጠው «የእረኛ ውሻ» አሉት፤ በ1931 መለሱለት። እንግሊዞቹ ግን ቂማቸው ረጅም ነው፤ ስሙን የመለሱት በ1977 ነው፣ ከ58 ዓመት በኋላ! ያውም «አልሴሺያን» የሚለውን በቅንፍ አስቀርተው። ቅንፉ የተነሳው በ2010 ነው።

በነገራችን ላይ፣ በድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ «አልሴሺያን» የሚባል ውሻ ካጋጠማችሁ ሌላ ዝርያ አይደለም፤ ይኸው የእኛው «ጀርመን» ነው።