በስልክ ፎቶና ቪዲዮ ለመጀመር፦ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለቡናው አካባቢ ልጆች

«ካሜራ የለኝም፣ በስልክ መጀመር ይቻላል?» በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ነው። ይቻላል። የአዲስ አበባው ግርማ በርታ ፎቶን በራሱ ነው የተማረው። በአይፎን የከተማዋን መንገደኞች እያነሳ፣ ከኋላቸው ያለውን ግርግር አውጥቶ በአንድ ደማቅ ቀለም እየተካ የሠራቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የ10 ሺህ ዶላር ድጋፍ አስገኝተውለታል።

ግን የሱ ሜዳ የአዲስ አበባ ጎዳና ነው፣ ሰማዩ ክፍት ነው። እኛ ጋ ጥላ፣ ጉም፣ ዝናብና ማለቂያ የሌለው አረንጓዴ ነው ያለው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው «10 የፎቶ ሚስጥሮች» ለዚህ ዓይነት ቦታ አልተጻፉም። ስለዚህ እዚሁ የሚሠራውን እንናገር።

ቡና ጥላ ሥር ፎቶ ለምን ይበላሻል?

ቡናችን የሚበቅለው ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው። እኩለ ቀን ላይ ከቅጠሉ መሃል ሾልካ የምትገባው ፀሐይ ፊት ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ትጥላለች፣ ሌላው ጨለማ ይሆናል። ስልኩ ደግሞ ጨለማውን ለማብራት ሲል ነጠብጣቡን ጭራሽ ያነደዋል። አንዴ ነጭ ሆኖ የጠፋ ቦታ ደግሞ በምንም አፕ አይመለስም። ትንሽ የጨለመ ፎቶ ግን በኋላ ይድናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ደማቁን ቦታ ጫን አድርጋችሁ ቆዩ። ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል፣ አጠገቡም የፀሐይ ምልክት ወይም ማንሸራተቻ ይመጣል። ወደ ታች ሳብ አድርጉትና ብርሃኑን ቀንሱ። ይሄን አንድ ነገር የለመደ ልጅ ውድ ስልክ ከያዘው ጓደኛው የተሻለ ፎቶ ሲያነሳ ብዙ ጊዜ አይተናል።

ሁለተኛው ችግር ቀለም ነው። ብርሃኑ በቅጠል ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ የሰው ፊት አረንጓዴ ይመታዋል፣ የታመመ ያስመስለዋል። ፊልተር ከመደርደራችሁ በፊት ሰውየውን ሦስት አራት እርምጃ ወደ ጫካው ዳር አምጡት፣ ጥላ ውስጥ ሆኖ ፊቱ ግን ወደ ክፍቱ ሰማይ ይዙር። ያልቃል። ቡና የሚደርቅበት አልጋ አጠገብማ ከተገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ መረቡ ነጭ ከሆነ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊት ይመልሰዋል። ስቱዲዮ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛው እሱው ነው።

ብዙ ሰው ደመና ሲሆን ስልኩን ኪሱ ይከታል። ተሳስቷል! ደመና ብርሃኑን አለስልሶ እኩል ያደርሳል፣ ለሰው ፊት ከዚህ የተሻለ የለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሰማዩን ነው፤ ነጭ ሰማይ ከጀርባ ከገባ ስልኩ ፊቱን ያጠቁረዋል፣ በተለይ የኛን ጠይም ፊት። ሰማዩን ከፍሬሙ አውጡት፣ ከጀርባ ጫካ ወይም የጭቃ ግድግዳ ይሁን። ፀሐያማ ቀን ከሆነ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጡ።

ቡና ሲፈላ የምታነሱ ደግሞ ፍላሽ አጥፉ። እንፋሎትና የእጣን ጭስ የሚታየው ብርሃን ከጎን ወይም ከኋላ ሲመታውና ከጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው። ጀበናዋን በር አጠገብ አድርጉ፣ እናንተ ከውስጥ በኩል ጥግ ያዙ። በር የአንድ ክፍል ቤት ምርጥ መብራት ነው።

ምን እናንሳ?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ስለ አካባቢያችን ቡና ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፣ የሚመጣው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ በሁለት እጅ የታፈሰ ቀይ እሸት። ለምን? ፎቶ አንሺው በለቀማ ወቅት ለሁለት ቀን መጥቶ ስለሚመለስ ነው። እናንተ ዓመቱን ሙሉ እዚህ ናችሁ። የካቲትና መጋቢት ገደማ ዝናብ ሲነካው ቡናው ነጭ አበባ ያወጣል፣ ሽታው ሰፈሩን ይሞላል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ ይረግፋል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ያንን ቀን አያውቀውም። እናንተ ግን ጠዋት በር ስትከፍቱ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው አንድ ዛፍ ወይም አንድ ሰው መርጦ መከተል ነው። አበባው፣ አረንጓዴ ፍሬው፣ ለቀማው፣ አልጋው ላይ ሲደርቅ፣ ጀንፈሉ ሲፈለፈል፣ እስከ ሲኒው። በየጊዜው ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱ። የተበታተነ 300 ፎቶ ከማከማቸት ተያያዥ 12 ፎቶ ይሻላል፣ ለማንም ስታሳዩት ታሪክ አለው። ቡና የሰለቸው ደግሞ የቴፒ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ አለለት፣ የቡና ቅጠል በቅመም አፍልቶ የሚጠጣ ቤት አለለት፣ የሚዛን ገበያ አለለት። ፏፏቴ ፊት ቆሞ ሰልፊ መነሳትም መብታችሁ ነው፣ ግን እሱን ሁሉም አለው።

ፈቃድ

ለቃሚዋ ሴትዮ ሥራ ላይ ናት፣ የናንተ ፖስት ማድመቂያ አይደለችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፦ ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣን፣ በአደባባይ የተደረገ በዓል ወይም ክስተትና የመሳሰሉት። ጓሮ ውስጥ ቡና የምትለቅም እናት ግን ከነዚህ ውስጥ ናት ብላችሁ አትገምቱ።

አጠያየቁም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «እማማ፣ ላንሳዎት? ፌስቡክ ላይ ነው የማወጣው» ማለት አለባችሁ፣ የት እንደሚወጣ ጭምር። ቤንችኛ ወይም ካፍኛ የምትችሉ በዚያው ጠይቁ፣ ፊቱ ራሱ ይለወጣል። እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ ነው። ልጅ ከሆነ ወላጅ ይጠየቅ። ያነሳችሁትን እዚያው አሳዩአቸው፣ ከተቻለም አሳትማችሁ ስጡ። በሚቀጥለው ስትመጡ ቡና ተፈልቶ ይጠብቃችኋል። በበቃን የመሳሰሉ ትልልቅ እርሻዎች ውስጥ ደግሞ ከኃላፊዎቹ ሳታስፈቅዱ ስልክ አታውጡ፣ ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅ ፎቶ አይሆንም።

ቪዲዮ

ጀማሪ የሚሸነፈው በምስል ሳይሆን በድምፅ ነው። ደብዘዝ ያለ ቪዲዮ ሰው ይታገሳል፣ የማይሰማ ንግግር ግን ወዲያው ያሳልፈዋል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ እየዘነበ ቃለ መጠይቅ አትቅረጹ፣ በቃ። ሌላው ጊዜ ግን ማይክ ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ተዋሱ፣ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ የተናጋሪው ደረት ኪስ ውስጥ ክተቱት። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ በኋላ ካፕካት ላይ ጭብጨባው የሚታይበትንና የሚሰማበትን ቦታ አገናኝታችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

በ4ኬ ካልቀረጽኩ የምትሉም አላችሁ። በአይፎን በ4ኬ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ እንደ አቀራረጹ ከ170 እስከ 350 ሜጋባይት ይበላል፣ በ1080 ግን ከ60 እስከ 130 ገደማ ነው። ለቲክቶክና ለፌስቡክ 1080 ይበቃል፣ የዳታችሁንም ነገር አስቡት። ስትቀርጹ ከቦታ ቦታ አትንከራተቱ፤ እያንዳንዱን ነገር ሳትነቃነቁ ለ10 ሰከንድ ያዙ፣ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቁ፣ አለዚያ ግንድ ተደገፉ።

ከማንሳት በፊትና በኋላ

ሌንሱን ጥረጉ! የኛ አየር እርጥብ ነው፣ ከጣት ቅባት ጋር ሲደባለቅ ፎቶው ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ዝናብ ሲመጣ የሚከት ፌስታልም አትርሱ። ለማስተካከል ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነካ ነካ አድርጉ፣ ጫካው ከራሱ በላይ አረንጓዴ እንዲሆን አታስገድዱት።

ስለ ፎቶ መሰረቅም ብዙ ትጠይቁናላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶን ከተሠራ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል፣ ግን ፎቶው የስብስብ አካል ወይም መጽሐፍ ላይ የታተመ ወይም ያነሳውን ሰው ማንነት የሚያሳይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ ስማችሁን በትንሹ ጻፉ። ከዚያም በላይ ኦሪጅናሉን አትደምስሱ፣ ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የላካችሁትን ይጨምቀዋል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ለደንበኛ ወይም ለውድድር ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። ኦሪጅናሉን በቀንና በቦታ ስም በተለየ ፎልደር አስቀምጡ፣ ለምሳሌ «የካቲት 20 አማን አበባ»፣ አንዱን ቅጂ ደግሞ ከስልኩ ውጪ ሜሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ላይ አኑሩት።