የመሪ ሳጥን፦ በራስ መቀየር ወይስ ለወኪል መክፈል?

በአውሮፓውያኑ 1984 ለገበያ የቀረበው ላንድ ክሩዘር 70፣ እንደ ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ሁሉ፣ የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፍ የመሪ ሳጥን አለው። መሪ ሲላላ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሳጥኑ አይደለም፤ አስቀድሞ የመሪ ዘንጎቹ መጋጠሚያዎች ሊፈተሹ ይገባል።

ሳጥኑን በራሱ የሚቀይር ባለንብረት የሚያተርፈው የእጅ ዋጋውን ነው። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሳጥኑን ከዘንጎቹ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ቦታው ምልክት ከተደረገበት በኋላ በመዶሻ ሳይሆን በመንቀያ መሣሪያ ይወጣል። ኤርባግ ባላቸው መኪኖች፣ ዘንጉ ተለያይቶ ሳለ መሪው በነፃ ከዞረ የኤርባጉ ጥቅል ሽቦ ሊበጠስ ስለሚችል፣ መሪው ቀጥ እንዳለ መታሰር አለበት። አዲሱ ሳጥን በዙሩ አጋማሽ ላይ ሆኖ ይገጠማል፤ ብሎኖቹ አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ፤ ከመሪው ዘይት ውስጥ አየር ይወጣል፤ በመጨረሻም የጎማ አላይመንት ይሠራል።

የወኪል ክፍያ ቢከብድም ለመለዋወጫውና ለሥራው ዋስትና ሊያስገኝ ይችላል። መንቀያውና የብሎን ጥብቀት መለኪያ ቁልፉ ለሌለው ሰው መክፈሉ ይመረጣል። ፍሬን ቢደክም ማርሽ ያግዛል፤ መሪ ከተላቀቀ ግን ምትክ የለውም።