የሕፃናት በራስ አለመተማመንና የአድማጩ ድርሻ

ሕፃን ያሰበውን ለመናገር ሲያመነታ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከጠባዩ ይፈለጋል፤ ዓይነ አፋር ነው ይባላል፣ መድኃኒቱም ሙገሳ ማብዛት እንደሆነ ይታሰባል። ይሁንና የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ያለው ዕድሜ ልጅ በራሱ ተነሣሽነት ነገር መጀመርን የሚለማመድበት፣ ጅምሩ ደጋግሞ ሲነቀፍ ግን በገዛ ሐሳቡ ጥፋተኛነት የሚሰማው ወቅት ነው። እንዲህ ከሆነ ጥርጣሬው በአመዛኙ ሐሳቡን ከሚቀበሉት ሰዎች የሚወረስ በመሆኑ፣ መታረም ያለበት በቅድሚያ የአድማጩ ልማድ ነው።

ማሞገስም ሆነ መሸለም ብቻውን ይህን ልማድ አይለውጥም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ ሥዕል ከሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከፊሎቹ ከሣሉ የምስክር ወረቀት እንደሚሸለሙ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ከፊሎቹ ሳይጠብቁት ተሸለሙ፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከቀናት በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ፣ ሽልማት ተስፋ አድርገው የሣሉት ልጆች ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ጥናቱ ስለ ቃል ሙገሳ ባይሆንም፣ ልጅ የሚሠራው ለሰጪው እጅ ሲሆን የራሱ ፍላጎት እንደሚደበዝዝ ያሳያል።

የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው በበኩሏ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን መልሶቹ እንደሚረዝሙና ደካማ የተባሉ ልጆችም መናገር እንደሚጀምሩ አረጋግጣለች፤ ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ ቢኖር ይህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የተሟላው አሠራር በቺካጎ መዋዕለ ሕፃናት ያስተማረችው የቪቪያን ፔሊ ነው። ልጁ ታሪኩን ይናገራል፤ መምህርቷ ሳታርም፣ እንደተነገራት ትጽፋለች፤ በኋላ ባልንጀሮቹ ታሪኩን በትወና ሲያቀርቡት ደራሲው የሚጫወተውን ገጸ ባሕርይ ራሱ ይመርጣል። እዚህ ላይ «ጎበዝ» የሚል ቃል አያስፈልግም፤ ሐሳቡ በጽሑፍ መስፈሩና ሌሎች ተነሥተው መተወናቸው ራሱ ዋጋ እንዳለው ይነግረዋል።

ለኢትዮጵያ መዋዕለ ሕፃናት ቅርብ የሆነው መነሻ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ አለማወቅ አስቀድሞ የታወቀ መውጫ አለው፦ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። ጠያቂው ልጅ ደግሞ፣ መላሾቹ ታላላቆቹ እንኳ ቢሆኑ መልሳቸውን የሚዳኘው እርሱ ነው። በእርግጥ አገር የተሰጠው ልጅ አንዳንዴ ስድብ ቀረሽ ቀልድ ስለሚደረድር፣ ለዓይነ አፋሮቹ ሲባል ይህን ክፍል ማለዘብ ይገባል። ልጆች በሚበዙበት ክፍል አምስት ወይም ስድስት ሆነው በየቡድናቸው የራሳቸውን እንቆቅልሽ ቢፈጥሩ ይቀላል፤ መምህሩም ተራው ሲደርስ መልሱን እያወቀ እንዳላወቀ ከመምሰል ይልቅ፣ በእውነት ያላወቀውን ጊዜ ጠብቆ እንደማንኛውም ተጫዋች አገር መስጠት ይኖርበታል።